«እርምጃ» የሚለው ቃል በጋዜጣና በእድራችን መዝገብ



በዚህ በዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ስለ አንድ ቃል ታሪክ እንድጽፍ ያስገደደኝ መዝገባችን ነው። እንደምታስታውሱት አምና በጠቅላላ ስብሰባ ላይ የእድሩ አሮጌ የሟቾች መዝገብ ስለ ተበጣጠሰ፣ አይጥም ጠርዙን ስለ በላው፣ በአዲስ መዝገብ ይገልበጥ ተብሎ ተወስኖ ነበር። ሥራውም ለእኔ ተሰጠ። እኔ ጡረተኛ ነኝ፣ ጊዜ አለኝ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል ባያልፍም ዕድሜዬን የጨረስኩት በመሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ስለሆነ እጄ ከብዕር አልተለየም። ስለዚህ እሺ ብዬ ተቀበልኩ።

መዝገቡ ሰባት ዓምድ አለው። ተራ ቁጥር፣ የአባሉ ስም፣ የሟቹ ስም፣ ዝምድና፣ የሞተበት ቀን፣ ምክንያት፣ የተከፈለ ገንዘብ ይላል። «ምክንያት» በሚለው ዓምድ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው «ሕመም»፣ «እርጅና»፣ «ወሊድ»፣ «የመኪና አደጋ» የሚል ነው። ሳልቸገር እየገለበጥኩ ከ1970 ዓ.ም. ገጽ ስደርስ ግን አራት መስመሮች አስቆሙኝ። ሦስቱ የጎረምሳ ልጆች ስም ነው። ምክንያቱ «እርምጃ» ይላል፤ በገንዘቡ ዓምድ ላይ ጭረት ብቻ ተሰምሯል። አራተኛው ደግሞ የአንድ አብዮት ጠባቂ ስም ነው። ምክንያቱ «ተሰዋ» ይላል፤ ብር 150 ተከፍሏል። የአራቱም ዕድሜ ተቀራራቢ ነው። ጽሕፈቱ ያባቴ ነው፤ በዚያን ጊዜ የእድራችን ጸሐፊ እሱ ነበርና።

ገልባጭ የተጻፈውን እንደ ተጻፈ መገልበጥ ነው ደንቡ። እኔም ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንደዚያ አድርጌአለሁ። ዳሩ ግን ይህን ቃል ለመገልበጥ እጄ እንቢ አለኝ። የልጅ ልጆቻችን መዝገቡን ገልጠው «እርምጃ ምን ዓይነት በሽታ ነው?» ቢሉ ምን እንላቸዋለን? ስለዚህ ብዕሬን አስቀምጬ ቃሉ ከየት ተነሥቶ መዝገባችን ውስጥ እንደ ገባ ለማወቅ ተነሣሁ። ወመዘክርም ሄጄ የድሮ ጋዜጦችን አገላበጥኩ። ያገኘሁትን ከራሴ ትዝታ ጋር አድርጌ ከዚህ ቀጥሎ አቀርባለሁ።

ቃሉ መጀመሪያ ምን ነበር?

«እርምጃ» «ተራመደ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። «ወለደ» ብሎ «ወላጅ»፣ «ሄደ» ብሎ «ሂያጅ» እንደሚባለው ሁሉ «ደ» ወደ «ጀ» እየተለወጠች «ተራመደ» «ተራማጅ» እና «እርምጃ» ይሆናል። ትርጉሙም እግር አንሥቶ ወደ ፊት ማስቀመጥ ነው። ከዚህ እስከዚያ ስንት እርምጃ ነው እንላለን። እኛ እድርተኞች ድንኳን ስንተክል ካስማውን በእርምጃ ለክተን አይደለም ወይ የምንመታው? ወታደርም በሰልፍ እርምጃውን ያስተካክላል። ክፉ ነገር የለበትም፤ እንዲያውም ሕፃን ልጅ የመጀመሪያ እርምጃውን ሲራመድ ቤተሰቡ ሁሉ የሚደሰትበት ቃል ነው።

ወደ ጋዜጣም የገባው በዚሁ መልካምነቱ ነው። የአገራችን ጋዜጣ ዕድሜው ረጅም ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን «አእምሮ» ነበረ፤ ቀጥሎ በ1917 ዓ.ም. «ብርሃንና ሰላም» ወጣ፤ ጠላት ከተባረረ በኋላ ደግሞ ከግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ጀምሮ «አዲስ ዘመን» መታተም ጀመረ። በ«ብርሃንና ሰላም» ዘመን የነበሩት ጸሐፊዎች ትልቁ አሳባቸው ሥልጣኔ ነበር፤ አገራችን እንደ ጃፓን እንድትሠለጥን ይመኙ ነበር። በጃንሆይ ዘመን ጋዜጣ ላይም «የሥልጣኔ እርምጃ»፣ «የትምህርት እርምጃ» ሲባል ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ መንገድ ተሠራ፣ ሆስፒታል ቆመ ማለት ነው። በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ 25ኛ ዓመት የዘውድ በዓል ሲከበር የአገሪቱ እርምጃ እየተቆጠረ ለሕዝብ የታየው በዚሁ አኳኋን ነው። እርግጥ ነው፣ ጋዜጣው ያላወራው ረሃብና ችግር ነበረ፤ ይህን የማያውቅ የለም። ስለ ቃሉ ብቻ ስንናገር ግን «እርምጃ» ያን ጊዜ የሚራመደው ወደ ፊት ነበር።

እርምጃ «መውሰድ» እንዴት መጣ?

ሁለተኛው የቃሉ መልክ የመጣው ከመሥሪያ ቤት ነው። በአገራችን አነጋገር ሰው ይራመዳል እንጂ እርምጃ «አይወስድም»። «እርምጃ መውሰድ» የሚለው ከፈረንጅ ቋንቋ ሲተረጎም የመጣ ይመስለኛል። ከመጣ በኋላ ግን ለቢሮ ሥራ እጅግ ተስማማ። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የጻፈ ሁሉ ያውቀዋል፤ «አስፈላጊው እርምጃ እንዲወሰድ እጠይቃለሁ» ብሎ ነው የሚዘጋው። ጣራው ያፈሰሰ ቢሮ እንዲጠገን ሲጠየቅም «አስፈላጊው እርምጃ»፣ ዘበኛው ሰክሮ ሲገኝም «አስፈላጊው እርምጃ» ነው። እኔ ራሴ በ1968 ዓ.ም. በተላላኪነት ስቀጠርና ኋላም መዝገብ ቤት ስገባ ይህ ዓረፍተ ነገር ያለበትን ደብዳቤ ስንት ሺህ ጊዜ እንደ መዘገብኩ አላውቀውም።

የዚህ አነጋገር ጥቅሙ ምንድነው? ምን እንደሚደረግ ሳይናገሩ አንድ ነገር ይደረግ ማለት ያስችላል። አለቃው ጣራ ይጠገን ወይስ ዘበኛ ይባረር አላለም፤ እርምጃ ይወሰድ ነው ያለው። ኋላ ጥፋት ቢገኝ «እኔ ይህን አድርጉ አላልኩም» ለማለት ይመቻል። ለጣራና ለዘበኛ ሲሆን ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ችግሩ የመጣው ቃሉ ወደ ሰው ነፍስ ሲዞር ነው።

በአብዮቱ ዘመን

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ወረዱ። በዚያው ዓመት ኅዳር 14 ቀን ሌሊት ስድሳ የሚሆኑ ሰዎች፣ ከነሱም ውስጥ ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች የነበሩ አቶ አክሊሉ ሀብተ ወልድና ልጅ እንዳልካቸው መኰንን፣ ያለ ፍርድ ቤት ተረሸኑ። በማግሥቱ ዜናው በሬዲዮ ሲነገር እኔ የ16 ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ ሬዲዮውን ዘግቶ «እንግዲህ ደም ፈሰሰ» ያለው እስከ ዛሬ አይረሳኝም።

ከዚያ ወዲያ በጋዜጣም በሬዲዮም «እርምጃ» ሌላ ትርጉም እየያዘ ሄደ። ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. የደርጉ ሊቀ መንበር ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ከሌሎች የደርግ አባሎች ጋር ተገደሉና ሥልጣኑ በሌተና ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም እጅ ገባ። ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. ሊቀ መንበሩ በአብዮት አደባባይ ደም የመሰለ ፈሳሽ የያዙ ጠርሙሶችን ወርውረው ሰበሩ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር በየሰፈሩ ገባ። «ነፃ እርምጃ» የሚባለውም ያን ጊዜ ነው። እስቲ ቃሉን ተመልከቱት። «ነፃ» ጥሩ ቃል ነው፤ ነፃ ትምህርት፣ ነፃ ሕክምና እንላለን። «እርምጃ» ም ጥሩ ቃል ነበረ። ሁለቱ ጥሩ ቃላት ሲጋጠሙ ግን ያለ ክስ፣ ያለ ምስክር፣ ያለ ዳኛ ሰው መግደል ማለት ሆነ።

ከዚያው ከ«ተራመደ» የወጣው «ተራማጅ» የሚለው ቃል ደግሞ በዚያን ጊዜ ጋዜጣ ላይ ከፍተኛው ምስጋና ነበር። ተራማጅ ከተባልክ በሕይወት አለህ፤ አድኃሪ ከተባልክ እርምጃ ይወሰድብሃል። ተራማጁም እርምጃውም ከአንድ ግስ የወጡ ወንድማማች መሆናቸውን ያን ጊዜ ያሰበ ሰው መኖሩን እንጃ።

የድሮውን ጋዜጣ ስታነቡ ሰው የሚሞተው በሁለት መንገድ ነው። ከመንግሥት ወገን የሆነ ሰው ሲገደል «ተሰዋ»፣ «በግፍ ተገደለ» ይባላል፤ ማን እንደ ገደለውም ይነገራል። ኢሕአፓ በከተማ ውስጥ የደርግ ሰዎችንና የቀበሌ ሹሞችን መግደሉ የታወቀ ነው፤ ጋዜጣውም ይህን አልደበቀም። በሌላው ወገን የሞተው ግን አብዛኛውን ጊዜ «እርምጃ ተወሰደበት» ነው። ስሙ ሊጻፍም ሊቀርም ይችላል፤ «አናርኪስት»፣ «ፀረ ሕዝብ» ከተባለ ይበቃዋል።

«ተወሰደበት» የሚለውን አስተውሉት። ማን ወሰደ? አልተባለም። ምን ተደረገ? አልተባለም። ሰው ሞቷል፣ ገዳይ ግን የለም። በአማርኛችን «ገደለ» ካልን «ማን?» ተብሎ ይጠየቃል። «እርምጃ ተወሰደ» ከተባለ ግን የሚጠይቅ የለም፤ ከላይ እንደ ወረደ ዝናብ ይቆጠራል። በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ውስጥ ለጣራ መጠገኛ የተፈለሰፈው ስውር አነጋገር በጋዜጣ ላይ ለሬሳ መሸፈኛ ዋለ ማለት ነው።

በእኛ ሰፈር

አሁን ወደ መዝገባችን ልመለስ። ከሦስቱ ልጆች ሁለቱን አብሬአቸው ኳስ ተጫውቻለሁ። አንደኛው ከእኔ የሚበልጠው በአንድ ዓመት ነበር። ከቤታቸው ማታ ተወሰዱ፤ በሦስተኛው ቀን ጧት አውራ ጎዳናው ዳር ተጥለው ተገኙ። ደረታቸው ላይ የቀይ ሽብር መፈክር ተለጥፎ ነበር። ሬሳ ማንሳት ክልክል ነው ተባለ። ማልቀስም ክልክል ነው ተባለ። የእድራችን ጡሩንባ አልተነፋም፤ ድንኳኑ ከመጋዘን አልወጣም፤ ንፍሮ አልተቀቀለም። ሬሳዎቹን መኪና ጭኖ ወሰዳቸው። እስከ ዛሬ መቃብራቸው የት እንደሆነ አይታወቅም። እናቶቻቸው ቤታቸውን ዘግተው፣ አፋቸውን በነጠላ አፍነው አለቀሱ። ጎረቤቱ የሚገባው ማታ ማታ አንድ አንድ እየሆነ፣ ዘይት ወይም ጨው ለመበደር እንደ መጣ ሰው ሆኖ ነው።

አብዮት ጠባቂው የተገደለው ከዚያ ከሁለት ወር በኋላ ነው። ሌሊት በር ተንኳኩቶ ሲከፍት ተተኮሰበት። ለእሱ ድንኳን ተተከለ፣ ጡሩንባ ተነፋ፣ የቀበሌው ሰዎች መጥተው ንግግር አደረጉ፣ ገንዘቡም በማግሥቱ ተከፈለ። የሱም እናት አለቀሰች፤ ልቅሶዋ እውነተኛ ነበር። ቂም የለኝም። የእድር ሥራ ሟቹን መቅበር ነውና ለእሱ የተደረገው ሁሉ የሚገባው ነበር። ጥፋቱ ለሦስቱ አለመደረጉ ነው። ይህን ደግሞ ለቀበሌው ብቻ መተው አይገባም። እድራችንም ጥፋተኛ ነው። አንድም ስብሰባ አልተደረገም፤ «ምን እናድርግ?» ብሎ በግልጽ የጠየቀ አልነበረም፤ ዝም ተባለ። እኔም ዝም ካሉት ውስጥ ነበርኩ፤ የ19 ዓመት ሰው ነበርኩና ልጅ ነበርኩ ብዬ አላመካኝም።

አባቴን በ1984 ዓ.ም. ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ «አባዬ፣ ለምን እርምጃ ብለህ ጻፍክ?» ብዬ ጠይቄው ነበር። ትንሽ አሰበና «ተገደለ ብዬ ብጽፍ ማን ገደለው እባላለሁ። ታሞ ሞተ ብዬ ብጽፍ ውሸት ነው። ጋዜጣው የጻፈውን ጻፍኩ። ጋዜጣ የጻፈውን ጻፍክ ተብሎ የታሰረ የለም» አለኝ። ከዚያም «ጭረቷን ግን ሆነ ብዬ ነው ያሰመርኳት። ባዶ ብተወው ኖሮ ተከፍሏል ብሎ የሚሞላው ሰው ይመጣ ነበር» አለ። አባቴ ደፋር ሰው አልነበረም፤ ግን ጸሐፊ ነበር።

ሌላ አንድ ነገር ልጨምር። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እኔም በማታ ፊደል ከሚያስቆጥሩት አንዱ ሆንኩ። ከተማሪዎቼ አንዷ የአንደኛው ልጅ እናት ነበሩ። ትምህርት ይገባቸው ነበር፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ፊደል ለዩ። አንድ ቀን ማታ ከትምህርት በኋላ ሌሎቹ ሲወጡ እሳቸው ቀሩና ስኳር የተጠቀለለበት የጋዜጣ ቁራጭ ከመቀነታቸው አውጥተው ፊቴ ዘረጉ። በጣታቸው እየተከተሉ «እ…ር…ም…ጃ» ብለው አነበቡ። «ልጄ፣ ያ ቃል ይኼ ነው?» አሉኝ። «አዎ እማማ፣ እሱ ነው» አልኳቸው። ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። «እኔ ይኸን ቃል የማውቀው እሱ በዓመቱ ዳዴ ብሎ ሲነሣ ነው። ልጄ ሁለት እርምጃ ተራመደ ብዬ ለጎረቤት ቡና አፍልቻለሁ» አሉ። ወረቀቱን እንደ ነበረ አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ መልሰው ከተቱና ደህና እደር ብለውኝ ወጡ።

እኒህ ሴት የእድር መዋጮአቸውን አንድ ወር እንኳ ሳያዛንፉ እስከ ዕለተ ሞታቸው ከፍለዋል። በ1985 ዓ.ም. ሲያርፉ ጡሩንባ ተነፍቶ፣ ድንኳን ተተክሎ፣ በደንብ ቀበርናቸው። «ምክንያት» በሚለው ዓምድ ውስጥ «እርጅና» ይላል።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ

ግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ከተለወጠ በኋላ የጋዜጣው ቋንቋም ተለወጠ። በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 22 ልዩ ዓቃቤ ሕግ ተቋቋመ። ክሱ በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. መሰማት ጀመረ፤ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱና ሌሎች የደርግ ባለሥልጣኖች ጥፋተኛ ተባሉ። እኔ የችሎቱን ዜና በጋዜጣ እከታተል ነበር። ያስደነቀኝ የቃሉ ነገር ነው። ጋዜጣው ከዓመታት በፊት «እርምጃ ተወሰደባቸው» ያላቸውን ሰዎች አሁን «የተገደሉ» ይላቸዋል። ገዳይም ስም አለው። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ በመስቀል አደባባይ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ቤተ መዘክር ተከፈተ። ሄጄ አይቻለሁ። ግድግዳው ላይ ያለው ፎቶግራፍ ሁሉ የእኛን ሰፈር ልጆች ይመስላል።

ይሁን እንጂ ቃሉ ጨርሶ አልተሻረም። ከዚያ ወዲህ በመጡት ዘመኖችም፣ ዛሬም ጭምር «እርምጃ ተወሰደባቸው» የሚል ዜና እንሰማለን። አንዳንዴ ነጋዴ ዋጋ ጨምሮ ሱቁ ታሸገ ማለት ነው፤ አንዳንዴ ሌላ ነገር ማለት ነው። እኔ በሰማሁት ቁጥር ማን ወሰደ? በማን ላይ? ምን ተደረገ? ብዬ በልቤ ሦስት ጥያቄ እጠይቃለሁ። ወጣቶቻችንም ይህን ልማድ ቢይዙት እመክራለሁ፤ ገንዘብ አይጠይቅም።

ለጠቅላላ ስብሰባው የማቀርበው አሳብ

እንግዲህ መዝገቡን ገልብጬ ጨርሻለሁ። በ1970 ዓ.ም. ገጽ ላይ ግን ያደረግሁትን ሳልደብቅ ልናገር። በአራቱም መስመር ላይ፣ በሦስቱ ልጆችም በአብዮት ጠባቂውም፣ ምክንያቱን «ተገደለ» ብዬ ጽፌአለሁ። በጎኑ በትንሽ ጽሕፈት «በአሮጌው መዝገብ እርምጃ ይላል»፣ «በአሮጌው መዝገብ ተሰዋ ይላል» የሚል አድርጌአለሁ፤ አባቴ የጻፈው እንዳይጠፋ ነው። አሮጌውም መዝገብ እንዳይጣል፣ ተጠርዞ እንዲቀመጥ እጠይቃለሁ።

ሦስቱን ጭረቶች ግን አልነካሁም፤ እነሱን መለወጥ የጠቅላላ ስብሰባው ሥልጣን ነው። አሳቤ ይህ ነው። በጊዜው ደንብ ለቤተሰብ የሚከፈለው ብር 150 ነበር። ለሦስቱም ቤተሰብ ይህ ገንዘብ ይከፈል። የሁለቱ ወንድምና እህት ዛሬም አባሎቻችን ናቸው፤ የሦስተኛውን ቤተሰብ ኮሚቴው ያፈላልግ። ብር 150 ዛሬ ምን ይገዛል የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው፣ ሁለት ኪሎ ሥጋም አይገዛም። እኔ ግን የምጠይቀው ስለ ግዢ አይደለም፤ ዕዳ በተጻፈበት ልክ ይከፈላል፣ ደረሰኝም ይቆረጥለታል፣ ጭረቷም ትሰረዛለች። ከዚያ በኋላ በአንድ እሑድ ድንኳናችን ይተከል፣ ንፍሮ ይቀቀል፣ ጡሩንባችንም ይነፋ። ክርስቲያኑም እስላሙም እንደየሃይማኖቱ ይጸልይ። የአብዮት ጠባቂው ቤተሰብም እንደ ማንኛውም አባል ይጠራ፤ ጠይቄአቸው እንመጣለን ብለዋል።

ድንኳኑን ስንተክል እንደ ወትሮው ካስማውን በእርምጃ እንለካለን። እኔ ጉልበቴ ስለ ደከመ፣ የሚለካ ወጣት ከእናንተ መካከል ይገኝ።

ፈጣሪ የሞቱትን ነፍስ ይማርልን፤ ለመጪው ዓመት በሰላም ያገናኘን።